«ልጁን ደብቁት» ለምትሉ

ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቢሮዬ የውጭ ፎርም እሞላለሁ። ለፒአር (ለውጭ አገር ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ) አመልክቶ መልስ የሚጠብቅ ቤተሰብ ሲመጣ ገና ከበሩ ይታወቀኛል። ሚስት ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰብስባ ትገባለች። እኔ ኤምባሲ አይደለሁም እኮ! ግን ሰፈሩ ሁሉ «ደብቂ» ብሎ መክሯት ነው የመጣችው።

ቀላል ቀላሉን የሰፈር ወሬ ላራግፍ።

«ካናዳ ሄጄ ከወለድኩ እኛም ፒአር እናገኛለን።» አታገኙም። ልጁ ዜጋ ይሆናል፤ የእናንተ ፋይል ግን እዚያው ወረፋው ላይ ነው።

«ለህፃኑ ራጅ ያነሱታል።» ለካናዳ ምርመራ ጨቅላ ራጅ አይነሳም። ይመዘናል፣ ይለካል፣ ያለቅሳል፣ አለቀ።

«እኔ ፒአር ስላለኝ እዚህ ብወልደውም ፒአር አለው።» የለውም። የካናዳ ከሆነ ስፖንሰር ታደርጉታላችሁ። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ይዛ እናቷ ቤት ልትታረስ ለመጣች ግን ነገሩ ይለያል። ህፃኑ 2 ዓመት ሳይሞላው፣ ከወለደች በኋላ መጀመሪያ ስትመለስ አብሯት ከገባ ቪዛ አይጠየቅም። የልደት ሰርተፍኬትና ፓስፖርት ይያዝለት።

«ክርስትና ሳይነሳ አይመዘገብም።» ማን አላችሁ? ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። ድግሱን ከጠበቃችሁ 10 ቀን ቀራችሁ፤ እሱም በእንግዳ ሽኝት ያልቃል። የክርስትና ስሟን ፎርሙ አይጠይቅም።

«ጥምቀት ሁሌም ጃንዋሪ 19 ነው።» በ2016 ዓ.ም. 20 ነበር፤ የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች። የዚያን ዕለት የተወለደ አንድ ልጅ ሰርተፍኬቱ 20፣ አባቱ በራሱ የሞላው ፎርም 19 ሆኖ መጣልኝ። ለአንዲት ቀን ስንት ደብዳቤ ጻፍን!

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። «ልጅ ከተጨመረ ፕሮሰሱ ይበላሻል። ለጊዜው ደብቁትና በኋላ ትወስዱታላችሁ።»

ይህን የሚመክሩ ሰዎች አንድ ቀን እኔ ቢሮ ቁጭ ብለው ቢውሉ ምን ነበረበት? ልጅ መወለዱ ፋይል አያዘጋም። የካናዳ አመልካች በመንግሥቱ ሳይት ላይ ባለው የመልእክት ፎርም መወለዱን ያሳውቃል፣ ሰርተፍኬቱን ይልካል፣ ለልጁ ይከፍላል፣ ያስመረምረዋል። ይዘገያል? አዎ፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሕክምና ጨርሳችሁ፣ ቪዛ ታትሞ እጃችሁ ቢገባ እንኳ ከመብረራችሁ በፊት ተናገሩ።

የደበቀ ሰውስ? የካናዳ የኢሚግሬሽን ደንብ ቁጥር 117 ለዚህ የተጻፈ ነው። ወላጅ ፒአር ሲያገኝ ያላሳወቀውንና ያልተመረመረውን ልጅ በኋላ በቤተሰብነት ስፖንሰር ማድረግ አይችልም። እንዲያውም ዋሽተሃል ተብሎ የራሱም ፒአር አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እንደ ፈረንጆቹ በ2019 በሙከራ ደረጃ ላላ ያለው በስደተኝነት ለገቡና ራሳቸው በትዳር ወይም የወላጅ ጥገኛ ልጅ ሆነው ስፖንሰር ተደርገው ለሄዱ ነው። በሙያ ላመለከተ አልደረሰም።

አንዲት ደንበኛዬ ያመለከተችው በሙያዋ ነበር። ስትወልድ ለእኔም አልነገረችኝም። አክስቷ ናቸው አሉ የመከሯት። ልጅቷን ዘጌ እናቷ ጋ ትታ ሄደች። ይኸው 6 ዓመት ሆነ። አሁን የቀራት በሰብአዊነት ምክንያት ይታይልኝ ብሎ ማመልከት ነው፤ እሱ ደግሞ የካናዳ ኢሚግሬሽን ሲያምንበት የሚሰጥ እንጂ መብት አይደለም።

ሰነድ በጎደለ ቁጥር አያትየዋ ልጅቷን ይዘው በጀልባ ይሻገራሉ። «እንዲያው መቼ ነው የሚያልቀው?» ይሉኛል። «እየላክን ነው፣ እማማ» እላለሁ። ሌላ ምን ልበላቸው?

ባለፈው ኅዳር የክትባት ካርዷን ስካን ላደርግ ክዳኑን ስከፍት፣ ልጅቷ በእፍኟ የያዘችውን ቀይ የቡና ፍሬ መስታወቱ ላይ ዘረገፈችው።

«ጋሼ፣ ይችንም ላክላት» አለችኝ።