የቅርስ ባቡር ምንድን ነው? ከለገሀር እስከ ሸንኮራ ደሴቶች

ዛሬ ለገሀር ሲባል ለብዙ ወጣት ቀድሞ የሚመጣለት ታክሲ ነው። ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጀርባ ያለው ሕንፃ ግን ባቡር ጣቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ተሠርቶ ያለቀ ነው። (ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ የተነሳ ባቡር በድሬዳዋ አልፎ፣ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጅቡቲ ይገባ ነበር። ሕንፃው ቅርስ ነው፤ በዚህ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። «የቅርስ ባቡር» ሲባል ግን ነገሩ ከሕንፃ ያልፋል።

የቅርስ ባቡር ማለት የተሠራለት ሥራ ካበቃ ወይም ከተቀየረ በኋላ፣ እንደ ድሮው መሄዱን እንዲቀጥል ሆን ተብሎ የተያዘ ባቡር ነው። ሀዲዱ፣ ጣቢያው፣ ፉርጎው፣ ፉርጎውን የሚያንቀሳቅሰው ሎኮሞቲቭ አብረው ይጠበቃሉ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚጠበቀው ሙያው ነው። ሙዚየም ውስጥ የቆመ ላዳ እና ፒያሳ ላይ ሰው ጭኖ ዳገቱን የሚወጣ ላዳ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው እንዲሄድ መካኒኩ፣ መለዋወጫውና ጠባዩን የሚያውቅ ሾፌር መኖር አለባቸው። ባቡርም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የእኔ መለኪያ አጭር ናት፦ ይንቀሳቀሳል ወይ? የሚያንቀሳቅሱትስ ሙያውን ለሚቀጥለው ሰው እያስተማሩ ነው ወይ?

እንዲህ ያሉ ባቡሮች በሞቃት ደሴቶች ላይ በብዛት ይገኛሉ። ምክንያቱ ሸንኮራ ነው። አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ ቶሎ ይቀንሳል፤ ቀናት ሳይቆጠሩ ፋብሪካ መግባት አለበት። ደግሞ ከባድ ነው። በበሬ ጋሪ አይገፋም። ስለዚህ ከማሳ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ወደብ ሀዲድ ተዘረጋ። ኩባ የመጀመሪያውን መስመር ከሃቫና ተነስታ የከፈተችው በ1837 ነው። ያኔ ገዢዋ የነበረችው ስፔን ራሷ በአውሮፓ ምድሯ ባቡር ያየችው በ1848 ነው። ቅኝ ግዛቷ ቀደመቻት፤ የስኳር ትርፍ ነው ያስቀደማት።

ያን ሀዲድ ያነጠፉት በባርነት የተያዙ ሰዎችና በውል የመጡ ድሆች ናቸው። ይሄ ሳይነሳ የሚነገር የባቡር ታሪክ ጎዶሎ ነው። እዚያው ኩባ፣ ከትሪኒዳድ ከተማ አጠገብ ያለው የስኳር ወፍጮዎች ሸለቆ በ1988 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እዚያ የቱሪስት ባቡር ሲሄድበት ኖሯል። መንገድ ላይ ማናካ ኢስናጋ የሚባል ወደ 45 ሜትር የሚጠጋ ማማ አለ። ከላዩ ሆነው ማሳ ላይ የሚለፉትን ባሪያዎች ይጠብቁበት ነበር። እዚያ የሄደ ሰው ማማው ምን እንደነበረ ሳይጠይቅ ባይመለስ ደስ ይለኛል።

የደሴት ሀዲዶች ጠባብ ናቸው። ብዙ የሸንኮራ መስመሮች በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያላቸው ስፋት 762 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ የድሮው ምድር ባቡር 1 ሜትር ነበር፤ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪኩ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ጠባብ ሀዲድ በትንሽ ገንዘብ ይዘረጋል፤ ተራራና ገደል ሲያጋጥመውም ጠበብ አድርጎ ይታጠፋል። ትንሽ ደሴት ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ጭነት መኪና መጣ። የስኳር ገበያም ተበላሸ። ሴንት ኪትስን እንይ። ካሪቢያን ውስጥ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ሀዲዱ ከ1912 እስከ 1926 ባለው ጊዜ ተዘርግቶ አገዳን ወደ ዋና ከተማዋ ባሴቴር ያመላልስ ነበር። መንግሥት የስኳሩን ኢንዱስትሪ በ2005 ዘጋው። ሀዲዱ ግን አልተነቀለም፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የቱሪስት ባቡር ተጀምሮበት ነበር። ፉርጎው ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ላይኛው ክፍት ሆኖ ባሕሩንና ተራራውን ያሳያል። ወደ 29 ኪሎ ሜትር በሀዲድ ይሄዳል፣ የቀረው የደሴቷ ዙሪያ በአውቶቡስ ይሞላል። የሚጎትተው ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው፤ ጭስ የናፈቀው ሰው ይሄን አስቀድሞ ይወቅ።

እውነተኛ እንፋሎት ለሚፈልግ የኢንዶኔዥያዋን ደሴት ጃቫን የሚያህል የለም። ስለ ጃቫ ሳስብ ወንጂም ትዝ ትለኛለች። የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ያስጀመረው የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ቀድሞ በጃቫ ሸንኮራ ያለማ የነበረ ነው። በመካከለኛው ጃቫ አምባራዋ የሚባል ከተማ አለ። ጣቢያው በ1873 የተከፈተ ነው፤ በ1976 ሙዚየም ሆነ። በግቢው ከ20 በላይ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች አሉ። ከእነሱ ውስጥ ቢ25 የሚባሉት ጀርመን አገር ኤስሊንገን ፋብሪካ የተሠሩ ናቸው። ወደ ቤዶኖ የሚወስደው ዳገት በጣም ቀጥ ያለ ስለሆነ ተራ ጎማ ይንሸራተታል። ስለዚህ በሁለቱ ሀዲዶች መሀል ጥርስ ያለው ሦስተኛ ብረት ተዘርግቷል። ሎኮሞቲቩ ከሥሩ ባለው ጥርሳም ጎማ ይሄን ብረት እየነከሰ ይወጣል። ሲወጣ ፉርጎውን ከኋላ ይገፋል እንጂ አይጎትትም፤ ቢላቀቅ እንኳ ፉርጎው ወደ ሎኮሞቲቩ እንጂ ወደ ገደል አይሮጥም። ይሄን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

እንፋሎት እንዴት እንደሚሠራ ሳይገባን ብናይ ግማሹ ደስታ ይቀርብናል። ሠራተኛው ከጉዞው ሰዓታት ቀድሞ እሳት ያቀጣጥላል። እሳቱ በብዙ ቱቦዎች ውስጥ አልፎ ቦይለር ውስጥ ያለውን ውሃ ያፈላል። እንፋሎቱ ታፍኖ ኃይል ሲያገኝ ወደ ሲሊንደር ይለቀቃል፤ ፒስተኑን ወዲያና ወዲህ ይገፋል፤ ፒስተኑ ጎማውን ያዞራል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው በኃይል ይወጣል። ሲወጣ በእሳቱ ውስጥ አዲስ አየር ይስባል፤ እሳቱ ይበልጥ ይነድዳል። ያ የምናውቀው «ቹፍ ቹፍ» የሚል ድምፅ ይሄ ነው። ባቡሩ ብዙ በለፋ ቁጥር እሳቱ ራሱ እየበረታ ይሄዳል ማለት ነው። የጃቫ የስኳር ፋብሪካ ሎኮሞቲቮች ደግሞ ከተጨመቀ አገዳ የተረፈውን ገለባ ያነድዱ ነበር። የጫኑትን ሸንኮራ ራሱን ነዳጅ አደረጉት።

ቦይለር ቀልድ አያውቅም። ውሃው ካነሰ ሊፈነዳ ይችላል። በሞቃት ደሴት ላይ ደግሞ የባሕሩ ጨው ብረቱን ይበላል፣ ምስጥ እንጨቱን ይበላል። ብዙዎቹን የኩባ ሎኮሞቲቮች የሠራው የአሜሪካው የፊላደልፊያ ኩባንያ ባልድዊን በ1956 ሎኮሞቲቭ መሥራት አቁሟል። መለዋወጫ ከመደብር አይገዛም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይቀርጸዋል። ቲኬቱ ውድ የሚሆነው በአብዛኛው ለዚህ ነው። እኔ ሲከፈልበት አይቆጨኝም።

ባርቤዶስ ላይ ያለው የሴንት ኒኮላስ አቢ ባቡር ልዩ ነው። የደሴቷ የመጀመሪያ ባቡር ከ1881 እስከ 1937 ሠርቶ ተዘግቷል። በቅርብ ዓመታት ግን በአንድ የድሮ የሸንኮራ እርሻ ውስጥ አዲስ ሀዲድ ተነጠፈ። በላዩ የሚሄደው ሎኮሞቲቭ በ1914 ጀርመን ተሠርቶ ጃቫ ላይ ሸንኮራ ሲያመላልስ የኖረ ነው። ሀዲዱ አዲስ ስለሆነ «ይሄ ምኑ ቅርስ ነው?» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሎኮሞቲቩ ከነሙያው በሕይወት አለ፤ ይበቃል። መስመሩም አጭር ነው፤ ረጅም መሆን አላስፈለገውም።

ይሄን ሳይ ነው ስለ ለገሀር የምቆጨው። የዛሬው ባቡር ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው የሚነሳው። ለገሀር ሕንፃው ቢታደስ ጥሩ ነው፤ ግን ባቡር የማይደርስበት ጣቢያ ያምራል እንጂ የቅርስ ባቡር አይሆንም። ጥቂት መቶ ሜትር ሀዲድ፣ አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሁለት ፉርጎ ይበቃ ነበር። ምድር ባቡር ያገለገሉ አባቶች በሕይወት እያሉ ሙያውን ለወጣት ቢያስተላልፉ ምን ያህል መልካም ነበር።

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ልበል። መጀመሪያ የሚጎትተው እንፋሎት ነው ወይስ ናፍጣ ብላችሁ ጠይቁ። አምባራዋ ላይ የጥርሱ መስመር የእንፋሎት ጉዞ ብዙ ጊዜ በቡድን ኪራይ ነው። ሴንት ኪትስ ባቡሩ የሚበዛው ትልልቅ መርከቦች በሚመጡበት ወራት ነው። በቦርኒዮ ደሴት፣ በማሌዥያዋ ግዛት ሳባህ ውስጥ ያለው የኖርዝ ቦርኒዮ ባቡር እንጨት እያነደደ ከታንጁንግ አሩ እስከ ፓፓር ይሄዳል፤ ሀዲዱም እንደ ድሮው የእኛ 1 ሜትር ነው። ስሪላንካ ሌላ ጉዳይ ናት። እዚያ ተራራውን የሚወጣው መስመር ለቡና ተጀምሮ፣ ቡናው በበሽታ ሲጠፋ ለሻይ ሠራ። ዛሬም የሕዝብ ባቡር ይሄድበታል። በትክክለኛ ትርጉሙ የቅርስ ባቡር አይባልም፤ ቢሆንም ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ከፓቲፖላ ጣቢያ ቁልቁል ማየት አይታለፍም።

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው ማዳጋስካር ነው። ከፊያናራንትሶዋ እስከ ማናካራ ያለው መስመር ከ1926 እስከ 1936 የተሠራ፣ 163 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነው። በመንገዱ ዳር ላሉ መንደሮች ሙዝና ቡና ማውጫ እሱ ነው። አውሎ ነፋስና ጎርፍ ደጋግሞ ይጎዳዋል። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ባቡሩ በዚያ ሳምንት መሄዱን አጣሩ፣ ምግብና ውሃ ያዙ፣ ለመመለሻ በረራችሁም ትርፍ ቀናት ተዉ።