ዮሴፍ ስለ አጥንቱ አዘዘ

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን ሞቅ ያለ «አሜን» የምንለው ቀን ለተቆረጠለት ተስፋ ነው፤ «በዚህ ወር!»፣ «ዓመቱ ሳያልቅ!» ወሩ ያልፋል። ተናጋሪው ወደ ሌላ ቃል ይሻገራል፤ በሰሚው ልብ ግን የዋሸው እግዚአብሔር ሆኖ ይቀራል። ይህ ያሳዝናል። በኤርምያስ ዘመን የነበረው ሐሰተኛ ነቢይ ሐናንያም የተማረኩት በ2 ዓመት ከባቢሎን ይመለሳሉ ብሎ ሕዝቡን ደስ አሰኝቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት በ7ኛው ወር ሞተ። ኤርምያስ 29፥11ን «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» ብለን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ ከላዩ ያለው ቁጥር 10 «70 ዓመት» ማለቱን ግን አናነብም።

የተስፋ ቃል ስትይዙ ለማን እንደተነገረ፣ «ብትሰሙ» የሚል ቅድመ ሁኔታ እንዳለው፣ ጊዜ እንደተወሰነለት ወይም እንዳልተወሰነለት ከምዕራፉ አጣሩ። ቃሉ ያልጨመረውን ቀን እናንተ አትጨምሩበት።

እኔ በዚህ ነገር የምወደው ዮሴፍን ነው። ዘፍጥረት 50ን ክፈቱ። ያዕቆብ ሲሞት አስከሬኑን በሽቱ ለማሸት 40 ቀን ፈጀ፤ ግብፃውያን 70 ቀን አለቀሱለት፤ በሠረገላና በፈረሰኛ ታጅቦ አብርሃም ለመቃብር በገዛው ዋሻ ተቀበረ። ይህን ሁሉ ያስፈጸመው ዮሴፍ ነው። መንገዱን ያውቀዋል፤ ፈርዖንን አስፈቅዶም ያውቃል። ለራሱ ግን እንዲህ ያለ ቀብር አልጠየቀም። «እግዚአብሔር መጐብኘትን ይጐበኛችኋል» አለና ያን ጊዜ አጥንቱን ይዘው እንዲወጡ አስማላቸው። ቀን አልቆረጠም። በ110 ዓመቱ ሞተ፤ በሽቱ አሽተው በሣጥን አኖሩት። የዘፍጥረት መጽሐፍ የሚዘጋው በዚህ ሣጥን ነው፤ ያውም በግብፅ።

ከዚያ ዮሴፍን ያላወቀ ንጉሥ ተነሣ። ጭቃና ጡብ፣ ወደ ወንዙ የሚጣሉ ሕፃናት። አባቶች ለልጆቻቸው ስለዚያ ሣጥን ሲነግሩ ምን ይሉ ይሆን? «ገና ነው፤ ስንወጣ ይዘነው እንወጣለን» ከማለት በቀር ምን ነበራቸው? የምትጠብቁ ወገኖች፣ በእናንተ ዕድሜ ያልተፈጸመ ቃል ሁሉ የወደቀ ቃል እንዳይመስላችሁ። የዕብራውያን ጸሐፊ ከዮሴፍ ሕይወት ለእምነቱ ምስክር አድርጎ የመረጠው ሕልሙን አይደለም፤ ከጲጥፋራ ሚስት ማምለጡንም አይደለም። ስለ አጥንቱ ማዘዙን ነው (11፥22)።

በመውጫቸው ሕዝቡ ከግብፃውያን የተቀበለውን ብርና ወርቅ ጭኖ ሲወጣ፣ ሙሴ የዮሴፍን አጥንት ያዘ (ዘፀአት 13፥19)። በዕብራይስጡ የዚህ ሣጥንና የቃል ኪዳኑ ታቦት ስም አንድ ቃል ነው፤ ታቦቱ ከተሠራ በኋላ ሁለቱም በምድረ በዳ አብረው ተጓዙ። ከግብፅ የወጡት አዋቂዎች ከኢያሱና ከካሌብ በቀር በመንገድ ቀሩ፤ የሞተው ሰው አጥንት ግን ዮርዳኖስን ተሻገረ።

ዮሴፍ ገና ብላቴና ሳለ አባቱ ከኬብሮን «ወንድሞችህን እይ» ብሎ የላከው ወደ ሴኬም ነበር። በዶታይን አገኛቸው፤ በ20 ብር ሸጡት። ኢያሱ 24፥32ን አንብቡ፦ አጥንቱን ያዕቆብ ከኤሞር ልጆች በገዛው እርሻ ቀበሩት፤ በሴኬም።