ፒሲአር ምንድን ነው?

ፒሲአር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የኮቪድ ጊዜ ነው። አፍንጫ ውስጥ የሚገባው ነገር፣ ከዚያ ለበረራ የሚያዘው ወረቀት። ዘዴው ግን ኮቪድን በብዙ ዓመት ይቀድመዋል። ኬሪ ሙሊስ የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት ሐሳቡን ያፈለቀው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ዘዴው በአንድ የአንጎል በሽታ ምርመራ ላይ ስለሚሠራው ሥራ ነው።

ፒሲአር በአጭሩ ማባዛት ነው። ከእናታችን 3 ቢሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደል ወርሰናል፤ ከአባታችንም እንዲሁ። የሚፈለገው ግን ከዚያ ሁሉ ጥቂት መቶ ፊደል ብቻ ሊሆን ይችላል። ያችን ቁራጭ ለይቶ፣ ለመለካት እስክትበቃ ድረስ ደጋግሞ መቅዳት ነው ሥራው።

ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ቱቦ ውስጥ ግማሽ ጠብታ የምታህል ፈሳሽ ትገባለች። በውስጧ የሰውየው ዲኤንኤ አለ። ለአዲሱ ቅጂ የሚሆኑ ልቅ ፊደሎች አሉ። ቁራጩ ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚያመለክቱ ፕራይመር የሚባሉ ሁለት አጫጭር ዲኤንኤዎች አሉ። ቀጂው ኢንዛይምም አለ። ማሽኑ ቱቦዋን እስከ 95 ዲግሪ ያሞቃታል፤ የዲኤንኤው ሁለት ክሮች ይላቀቃሉ። ወደ 60 ገደማ ሲወርድ ፕራይመሮቹ ቦታቸው ላይ ይጣበቃሉ። 72 ላይ ኢንዛይሙ ፊደል በፊደል ይገጥማል። አንዱ ሁለት ሆነ። እንደገና ይሞቃል፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። 30 ጊዜ ሲዞር በሒሳብ ከ1 ቢሊዮን ያልፋል። ቱቦዋን አንስቶ ለሚያያት ግን ያው ኩልል ያለች ውሃ ናት።

ተራ ኢንዛይም በዚህ ሙቀት ይበላሽ ነበር። ይህኛው የሚችለው በአሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ፍልውሃ ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የመጣ ስለሆነ ነው። በጣም የምወደው የታሪኩ ክፍል ይሄ ነው።

አሁን ወደ በሽታው። ሃንቲንግተን ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ሰውነት ካለ ፈቃድ ይወራጫል፣ ጠባይ ይለወጣል፣ ማሰብ ይከብዳል። በሽታውን የሚያመጣው ዘረመል (ጂን) በ1993 እ.ኤ.አ. ክሮሞዞም 4 በሚባለው የዲኤንኤ ጥቅል ላይ ተገኘ። ለዚህ ፍለጋ በቬኔዝዌላ ማራካይቦ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ፣ በሽታው የበዛባቸው ቤተሰቦች ደማቸውን ሰጥተዋል። ሥራውን ከመሩት አንዷ ናንሲ ዌክስለር ናት፤ እናቷ የሞቱት በዚሁ በሽታ ነው። ሙሊስም ኖቤል የተሸለመው በዚያው ዓመት ነበር።

ዘረመሉ ላይ ሲኤጂ የሚባሉ ሦስት ፊደሎች ይደጋገማሉ። እስከ 26 ጊዜ ቢደጋገሙ ችግር የለም። ከ36 እስከ 39 ከሆነ በሽታው ሊመጣም ሊቀርም ይችላል። 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሰውየው ዕድሜ ከሰጠው፣ በሽታው አይቀርም። ስለዚህ ጥያቄው የቆጠራ ነው። ፒሲአር ያንን ቦታ ያባዛዋል። ቅጂዎቹ ጄል ባለበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይነዳሉ። ዲኤንኤ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው ወደ ፖዘቲቩ ይሄዳል፤ አጭሩ ይቀድማል፣ ረጅሙ ይዘገያል። ከአንዱ ወላጅ የመጣው 17፣ ከሌላው የመጣው 44 ድግግሞሽ ቢኖረው ልዩነታቸው 81 ፊደል ነው፤ ማሽኑ ይህን ለይቶ ያየዋል።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ወጥመድ አለ። ድግግሞሹ በጣም ሲረዝም ኢንዛይሙ ይቸገራል፤ አጭሩ ቅጂ ይባዛል፣ ረጅሙ ይጠፋል። ያኔ ወረቀቱ ላይ አንድ ጤነኛ ርዝመት ብቻ ይታያል። ከእናትም ከአባትም እኩል ርዝመት የወረሰ ጤነኛ ሰው ውጤትም ልክ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ላብራቶሪ አንድ ርዝመት ብቻ ሲያይ «ነፃ ነህ» አይልም፤ ረጅሙን ለይቶ በሚያወጣ ሌላ ዘዴ ይደግመዋል።

ከወላጆቹ አንዱ በሽታው ያለበት ሰው የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እስካሁን ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ምልክት ሳይታይበት መመርመር የሚፈልግ ሰው ደም ከመስጠቱ በፊት ከአማካሪ ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገራል። ውጤቱ ከወጣ በኋላ እንኳ «አልሰማም» ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ መብቱ ነው።