ያ የሚያለቅሰው ቫዮሊን አይደለም፦ ስለ ፔዳል ስቲል ጊታር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አባቴ የዶን ዊሊያምስ ካሴቶች ነበሩት። እሑድ ከሰዓት ሲከፍታቸው፣ ከዘፋኙ ጀርባ የሚንሸራተትና የሚያቃስት ነገር ይሰማ ነበር። አባቴ «ቫዮሊን ነው» ይላል። ታላቅ ወንድሜ «ኪቦርድ ነው» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ያ ድምፅ ፔዳል ስቲል ጊታር ነው። እንደ ጠረጴዛ በእግር የቆመ፣ ብዙውን ጊዜ አሥር ክር ያለው፣ ተቀምጠው የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። አንዳንዱ ሁለት አንገት ጎን ለጎን አለው።

የድሮ ካንትሪ በሬዲዮም በካሴትም አብሮን አድጓል። ስለዚህ መሣሪያ ግን እስካሁን የምሰማው ወሬ ብዙው ስህተት ነው።

«ስቲል የተባለው ከብረት ስለተሠራ ነው»

አይደለም። ገላው አብዛኛውን ጊዜ እንጨት ነው። ስሙን የሰጠው ተጫዋቹ በግራ እጁ ይዞ ክሮቹ ላይ የሚያንሸራትተው ድብልብል ብረት ነው። ብረቱ ክሩን ወደ እንጨቱ አይጫንም፤ ላዩ ላይ አረፍ ብቻ ነው የሚለው። ከክሮቹ ሥር የሚታዩት መስመሮችም ለዓይን ምልክት ናቸው እንጂ እንደ ተራ ጊታር ጣት ተጭኖ የሚያርፍባቸው ፍሬቶች አይደሉም። ብረቱ ከመስመሩ በትንሹ ዘወር ካለ ቅኝቱ ይበላሻል። ማሲንቆ ሲመታ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እዚያም ጣት ጭራውን ዳሰስ ያደርጋል እንጂ ወደ እንጨቱ አይጫነውም። ትክክለኛውን ቦታ የሚያገኘው ጆሮ ነው።

«ፔዳሉ ኢፌክት ነው፣ ልቅሶውም ከኤሌክትሪክ ነው የሚመጣው»

በብዛት የምሰማው ይሄንን ነው። ሮክ ጊታሪስቶች እግራቸው ሥር የሚደረድሯቸው፣ ኢፌክት የሚባሉ ድምፅ ቀያሪ የኤሌክትሪክ ሳጥኖች ስላሉ ሰው ያንን ያስባል። የስቲሉ ፔዳል ግን ብረት ለብረት የተያያዘ መካኒክ ነው። እግር ሲረግጠው ከሥር ያሉት ዘንጎች የተወሰነ ክር ይስቡና ይወጥሩታል። ክሩ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል። እግሩ ሲነሳ ይመለሳል።

በቅርበት እንየው። ካንትሪ ውስጥ የተለመደው ቅኝት «ኢ ናይን» ይባላል። ተጫዋቹ ብረቱን ሦስተኛው መስመር ላይ አሳርፎ መካከል ያሉትን ሦስት ክሮች ይመታል። ቢ፣ ዲ እና ጂ የሚባሉት ኖታዎች አብረው ይሰማሉ፤ ማለትም የጂ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ)። አሁን ድምፁ ሳይጠፋ፣ ብረቱም ካለበት ሳይነቃነቅ፣ በግራ እግሩ ሁለት ፔዳል ቀስ ብሎ ይረግጣል። ቢ ወደ ሲ ይወጣል። ዲ ወደ ኢ ይወጣል። ጂ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። ሳናውቀው ሲ ኮርድ ላይ ደርሰናል። አንዱ ድምፅ ቆሞ ሌሎቹ ከሥሩ ሲንሸራተቱ ነው ያ አንጀት የሚበላ ነገር የሚፈጠረው። ሁሉም አንድ ላይ ቢንሸራተቱማ ያው ተራ መንሸራተት ነው።

ቀኝ እግሩ ደግሞ ሌላ ሥራ ላይ ነው፤ በተለየ ፔዳል የድምፁን መጠን ይቆጣጠራል። የተመታ ክር ወዲያው መድከም ይጀምራል። እሱ ሲደክም እግሩ መጠኑን ይጨምራል፣ ድምፁም የማያልቅ ይመስላል። በዚህ ላይ ጉልበቶቹ ግራና ቀኝ ሌሎች ማንሻዎችን ይገፋሉ። ቀኝ እጁ አውራ ጣቱና ሌሎች ጣቶቹ ላይ ባጠለቃቸው መምቻዎች ይመታል። ሰውየው ቁጭ ብሎ ሲያዩት ግን የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው የሚመስለው።

«ከሃንክ ዊሊያምስ ጀርባ የሚሰማው ፔዳል ስቲል ነው»

ሃንክ የታወቀ የአሜሪካ ካንትሪ ዘፋኝ ነበር፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የማምነው። አይደለም። ከሃንክ ጋር የተጫወተው ዶን ሄልምስ ነው፤ የእሱ ስቲል ፔዳል አልነበረውም። ያ ሹል፣ ሰንጥቆ የሚያልፍ ድምፅ በእጅና በብረት ብቻ የመጣ ነው። ሄልምስ በፔዳል ዘመን እንኳ ፔዳል አልባውን አልተወውም። የፓትሲ ክላይን «ዎኪን አፍተር ሚድናይት» ላይ ያለውም እሱ ነው።

ዘመኑን ብቻ ማየት ይበቃል። ሃንክ የሞተው ጥር 1 ቀን 1953 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ነገሩን የቀየረው የዌብ ፒርስ ዘፈን «ስሎውሊ» ደግሞ የተቀረጸው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ በ1954 የካንትሪ ሰንጠረዡ አናት ላይ ወጣ። ስቲሉን የተጫወተው በድ አይዛክስ ነበር። ፔዳል ያላቸው ስቲሎች ከዚያ በፊትም ነበሩ። ለምሳሌ መሣሪያ ሠሪው ፖል ቢግዝቢ በ1948 ለስቲል ተጫዋቹ ስፒዲ ዌስት ሠርቶለታል። አይዛክስ ያመጣው አዲስ ነገር ፔዳሉን ክሩ እየጮኸ እያለ መርገጡ ነው። ሰው በጆሮው የክሩን መታጠፍ ሰማ። ሌሎች ስቲል ተጫዋቾችም ፔዳል ለማስገጠም ተራወጡ።

የአይዛክስ ፔዳል ቅድም ሲወጡ ያየናቸውን ሁለቱንም ድምፅ በአንድ ጊዜ ነበር የሚያነሳው። በኋላ በዲ ኤመንስና ጂሚ ዴይ የሚባሉ ስቲል ተጫዋቾች ሥራውን ለሁለት ፔዳል ከፈሉት፤ አንዱን ብቻ ማንሳት ተቻለ። ኤመንስ በዚህ አላበቃም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቅኝቱ ውስጥ ሁለት ተጨማሪ ክሮች አስገባ። ዛሬ በካንትሪ መናኸሪያዋ ከተማ ናሽቪል ውስጥ የሚሰማው ስቲል አብዛኛው በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

«የቴክሳስ ካውቦይ ፈጠራ ነው»

ሥሩ ሃዋይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆሴፍ ኬኩኩ የሚባል የኦዋሁ ደሴት ወጣት ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በብረት መጫወቱን አስፋፋ። በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን አሜሪካውያን የሃዋይን ሙዚቃ ሰምተው አበዱለት። ካንትሪ ከዚያ ነው የወሰደው። ካውቦዩ ከባሕር ዳርቻ የተዋሰውን ይዞ ፈረስ ላይ ወጣ ማለት ነው።

«ስቲል የሌለበት የድሮ ካንትሪ የለም»

የጆኒ ካሽን «አይ ዎክ ዘ ላይን» ክፈቱ። ስቲል የለም። እኛ አገር ስሙ በደንብ የሚታወቀው ጂም ሪቭስም «ሂል ሃቭ ቱ ጎ» ላይ ስቲል የለውም። ፒያኖና ቫይብራፎን (በመምቻ የሚመታ የብረት ቁልፎች ያሉት መሣሪያ) ነው ያጀበው።

«ለሐዘን ዘፈን ብቻ ነው»

ይሄኛው ትንሽ እውነት አለበት። ለልብ ስብራት እንደ እሱ የሚመች መሣሪያ ብዙ የለም። ግን ኤመንስ በ1963 ሙሉ የጃዝ አልበም ሠርቶበታል። በ1968 የታሚ ዋይኔትን «ስታንድ ባይ ዮር ማን» ያጀበው ፒት ድሬክ፣ በ1970 ለንደን ውስጥ ከቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ጋር ሲቀርጽ ነበር። «ሃውስ ኦፍ ጎድ» በተባሉት የአሜሪካ ጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ምዕመኑን ከመቀመጫው የሚያስነሳው ስቲል ነው።

ወደ አህጉራችንም መጥቷል። የናይጄሪያው ኪንግ ሰኒ አዴ በ1982 ባወጣው «ጁጁ ሙዚክ» አልበም ላይ ፔዳል ስቲሉን የሚጫወተው ዴሞላ አዴፖጁ ነው። ከታች ከበሮዎቹ እርስ በርስ ያወራሉ፣ ስቲሉ ደግሞ ከላያቸው ይንሳፈፋል። ለዳንስ ነው የተሠራው፤ ልቅሶ የሚባል ነገር አጠገቡም የለ።