ሕፃናት ላይ የሚታይ የፊንጢጣ መድማት

ከትንንሽ ልጆች ሰገራ ጋር ደም የሚወጣበት ምክንያት ብዙ ነው። አብዛኛው ቀላል ነው፤ ጥቂቱ ግን ለነገ የሚባል አይደለም። ሐኪም ሁለቱን ለመለየት ከደሙ መጠን ይልቅ የልጁን ዕድሜና ሁኔታ ያስቀድማል። ይጫወታል? ይጠባል? ያስመልሰዋል? ወይስ ዝልፍልፍ ብሏል?

በቅድሚያ የታየው ነገር ደም መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ቀይ ስርና ቀለም የተጨመረባቸው መጠጦች ሰገራን ቀይ ያደርጋሉ። የአይረን ሽሮፕ ደግሞ ያጠቁረዋል። ዳይፐሩን ሳይጥሉ ይዞ መሄድ፣ ወይም በስልክ ፎቶ ማንሳት ከረጅም ማብራሪያ የበለጠ ይጠቅማል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ላይ የሚታየው ደም የራሱ ላይሆንም ይችላል። ሲወለድ ወይም ከተሰነጠቀ የጡት ጫፍ የእናቱን ደም ውጦ ይሆናል። አፕት የሚባለው ምርመራ ይህን ይለያል። ናሙናው ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመር የሕፃኑ ደም ሮዝ እንደሆነ ይቆያል፣ የእናቱ ግን ወደ ቢጫማ ቡኒ ይቀየራል። ሲወለድ ቫይታሚን ኬ ያልተሰጠው፣ ወይም ያለጊዜው ተወልዶ ሆዱ የተነፋ ሕፃን ሲደማ ግን አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል።

ደህና እያደገ ያለ የጥቂት ሳምንታት ሕፃን ንፍጥ የተቀላቀለበት ቀጭን የደም ክር ካሳየ፣ ብዙ ጊዜ የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ይጠረጠራል። እናት ጡት ማጥባቷን ማቆም የለባትም። ወተትና የወተት ተዋጽኦ ከምግቧ ታወጣለች፤ መሻሻሉ በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታያል። አብዛኞቹን ሕፃናት አንድ ዓመት ሲሞላቸው አለርጂው ይተዋቸዋል።

ከፍ ባሉት ላይ ዋናው ምክንያት የፊንጢጣ ስንጥቅ ነው። አዋቂ ሰው ደም ሲያይ ቶሎ ኪንታሮት ይላል፤ በዚህ ዕድሜ ግን ኪንታሮት ብርቅ ነው። ልጁ ሰገራው ይደርቅበታል፣ ያምጣል፣ ያለቅሳል፤ ደማቅ ቀይ ደም ሰገራው ላይ ወይም መጥረጊያው ላይ ይታያል። ሐኪሙ መቀመጫውን ቀስ አድርጎ ገለጥ ሲያደርግ ስንጥቁን ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ልጁ ሕመሙን ፈርቶ ሰገራውን ይይዛል። የተያዘው ይብሱን ይደርቃል፣ ሲወጣም ቁስሉን እንደገና ይቀደዋል። ስለዚህ ሕክምናው ሰገራውን ማለስለስ ነው፦ ላክቱሎስ ወይም ፖሊኢትሊን ግላይኮል፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ቫዝሊን። ብዙ ቤት ነገሩ የሚበላሸው ደሙ ሲቆም ማለስለሻውም አብሮ ስለሚቆም ነው። ድርቀቱ የቆየ ከሆነ መድኃኒቱ ለወራት ሊቀጥል ይችላል።

ሐኪሞች በጣም የሚፈሩት የአንጀት መሰካካት ነው። አንዱ የአንጀት ክፍል እንደ ታጠፈ ካልሲ ወደ ሌላው ይገባል። በብዛት የሚታየው ከሦስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባሉት ላይ ነው። ልጁ ድንገት ይጮኻል፣ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፤ ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ዝም ይላል። ከዚያ ይደገማል። ያስመልሰዋል፣ ይደክማል። ጄሊ የመሰለው ደምና ንፍጥ የሚመጣው ዘግይቶ ስለሆነ እሱን መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። አልትራሳውንድ ያሳየዋል። አብዛኛው በፊንጢጣ በሚገባ አየር ወይም ፈሳሽ ይመለሳል፤ እንቢ ካለ ወይም አንጀቱ ከተበሳ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። አረንጓዴ ትውከትም የአንጀት መጠምዘዝ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳል።

ያለ ሕመም ብዙ ደም ከፈሰሰ የሜከል ከረጢት፣ ማለትም ከትንሹ አንጀት ጎን የወጣ ትንሽ ከረጢት፣ ይታሰባል። ከሰው ሁሉ ሁለት በመቶ ገደማ ይዞት ይወለዳል፤ የደማው በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሕመም የሌለው፣ እየተመላለሰ የሚታይ ትንሽ ደም ደግሞ የፖሊፕ (አንጀት ውስጥ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ሊሆን ይችላል፤ እሱ በኮሎኖስኮፒ፣ በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ይቆረጣል።

ትኩሳትና ደም ያለው ተቅማጥ የኢንፌክሽን ነገር ነው፤ ሺጌላ፣ ካምፒሎባክተር፣ አልፎ አልፎም አሚባ። ፈሳሽ መተካት ይቀድማል። የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ለእነዚህ ልጆች አይሰጥም። አንቲባዮቲክም ያለ ሐኪም አይጀመርም፤ ሺጌላን ሲያክም፣ ኢ ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ አንዳንድ ዓይነቶች ላይ ግን ኩላሊት የሚጎዳውን መዘዝ ሊያባብስ ይችላል። ልጁ ከተቅማጡ በኋላ ከገረጣ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ፣ ደሙ ቢቆምም የደምና የኩላሊት ምርመራ ያስፈልገዋል።