ተርሚኔተር በባሕር ዳር፦ ከቪዲዮ ቤት አግዳሚ እስከ እጅ ስልክ

ባሕር ዳር ላይ «ተርሚኔተር» ሲባል ሁለት ነገር ይነሣል። አንደኛው ካናዳዊው ዳይሬክተር ጄምስ ካሜሮን በ1984 የጀመረውና እስከ 2019 ስድስት የሲኒማ ፊልሞች የወጡለት የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ነው። ሁለተኛው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የከተማዋ ቪዲዮ ቤቶች ውስጥ በእነዚህ ፊልሞች ዙሪያ የተፈጠረው የማየት፣ የመተርጎምና የመከራከር ልማድ ነው። ስለ ፊልሞቹ በየቋንቋው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ልማዱ ግን የሰፈረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ይህን ዳሰሳ ለማዘጋጀት በእጅ ያለው ምንጭ በዚያ ዘመን የተያዘ አንድ የትምህርት ቤት ደብተር፣ ሁለት የደበዘዙ ካሴቶችና የጥቂት ጓደኞች ትዝታ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ፊልም ዘመን ማጋደሉ አይቀርም። የፊልሞቹ ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የከተማዋ ጉዳይ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል። ይህ ልዩነት ከታች እንደሚታየው ትንሽ ነገር አይደለም።

ታሪኩና የመጀመሪያው ፊልም

ስካይኔት የተባለ የጦር ኮምፒውተር ራሱን ያውቃል። ሰዎች ደንግጠው ሊያጠፉት ሲሞክሩ የኑክሌር ጦርነት ያስነሣል፤ ከእልቂቱ የተረፉትንም በማሽን ያሳድዳል። በ2029 ሽንፈት ሲያንዣብብበት የሰዎቹ መሪ ጆን ኮነር ገና ሳይፀነስ እናቱን ሣራን እንዲገድል፣ ሥጋ የለበሰ የብረት ሰው ወደ 1984 ሎስ አንጀለስ ይልካል። ሰዎቹም በበኩላቸው ካይል ሪስ የተባለ ወታደር ይልካሉ። የቀረው ማሳደድና መሸሽ ነው።

ካሜሮን ሐሳቡ የመጣለት ሮም ውስጥ ታሞ በትኩሳት ተኝቶ ሳለ ከእሳት መካከል የሚወጣ የብረት አጽም በሕልሙ አይቶ እንደሆነ ተናግሯል። ፊልሙን ራሱ እንዲመራው ሲል መብቱን ለፕሮዲውሰር ጌል አን ኸርድ በ1 ዶላር ሸጠ። 6.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ሥራ 78 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። አርኖልድ ሽዋርዝኔገር መጀመሪያ የታሰበው ለወታደሩ ለካይል ሪስ ቦታ ነበር፤ ገዳዩን እንዲጫወት የተደረገው በኋላ ነው። ጥቂት ቃል ተናግሮ ፊልሙን ይዞት ሄደ።

አንድ እንከን ሳይጠቀስ አይታለፍም። ካይል ሪስ የያዘውን ፖሊስ ቀኑን ሲጠይቀው፣ ፖሊሱ «ሜይ 12፣ ሐሙስ» ይለዋል። በ1984 ሜይ 12 የዋለው ግን ቅዳሜ ነው፤ በእኛ ግንቦት 4 ቀን 1976 መሆኑ ነው። ይህን ስሕተት የእኛ ሰፈር ልጆች ያገኙት ከአንድ የድሮ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነበር።

ሁለተኛው ፊልም

«ተርሚኔተር 2» አሜሪካ ውስጥ የታየው ጁላይ 3 ቀን 1991 ነው፤ በእኛ ሰኔ 26 ቀን 1983፣ እዚህ የመንግሥት ለውጥ በሆነ በወሩ ገደማ። ከተከታታዩ ሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር መክፈት አያስፈልግም። እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፣ ከ500 ሚሊዮን በላይ አስገባ፣ በሜካፕ፣ በድምፅ፣ በድምፅ ቅንብርና በምስል ጥበብ አራት ኦስካር ወሰደ። ልጁን ጆንን ሊገድል የተላከው ፈሳሽ የብረት ሰው በኮምፒውተር የተሠራበት ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ በሚረዝመው ፊልም ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የቀረው የስታን ዊንስተን ባለሙያዎች በእጃቸው የሠሩት ነው። ፊልሙ እስከ ዛሬ ያላረጀበት ምክንያትም ይኸው ይመስላል።

ባሕር ዳር ውስጥ ግን ፊልሙ መጀመሪያ ያስነሣው ጥያቄ ስለ ኮምፒውተር አልነበረም። በቪዲዮ ቤት ቋንቋ «አክተር» ማለት ተዋናይ ማለት አይደለም፤ የማይሞተው፣ ሁሉም የሚደግፈው ጀግና ነው። «አክተር አይሞትም» የሚለውን ሕግ ሕፃናት ከፊደል እኩል ይማሩታል። በመጀመሪያው ፊልም አርኖልድ ገዳይ ነው። በሁለተኛው ያው ፊት፣ ያው የቆዳ ጃኬት ይዞ ሲመጣ ግማሹ ተመልካች ጠላት ነው ብሎ አፏጨበት። የገበያ አዳራሹ መተላለፊያ ላይ ጠመንጃውን ከጽጌረዳ ሣጥን አውጥቶ ልጁን በጀርባው ሲከልለው ነው ቤቱ ጸጥ ያለው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አክተር ሆነ። ሲያበቃ ደግሞ አክተሩ በገዛ ፈቃዱ ወደ ቀለጠው ብረት ወረደ። ሕጉ ፈረሰ ማለት ነው። ማሽን ስለሆነ ሞተ አይባልም ብለው ሕጉን ለማዳን የሞከሩ ነበሩ፤ ግን እነርሱም ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

ጠላቱን፣ ፈሳሹን የብረት ሰው ቲ-1000ን፣ እኛ «ቀላጩ» እንለው ነበር። ተዋናዩ ሮበርት ፓትሪክ ሲሮጥ ድካም እንዳይታይበት በአፍንጫው ብቻ መተንፈስን፣ ሲተኩስም ዓይኑን አለመጨፈንን ተለማምዶ ነበር። ይህ ልምምድ ሳይነገረን ጣና ዳር ተደግሟል። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው የባሕሩ ዳርቻ ልጆች አፋቸውን ግጥም አድርገው ዘግተው፣ መዳፋቸውን እንደ ቢላዋ ዘርግተው ይሯሯጡ ነበር። ሲሮጥ አፉን የከፈተ ቀላጭ መሆኑ ይቀርና ተራ ፖሊስ ይሆናል።

ሌላው ክርክር ስለ መንቶች ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ የቡና ማሽን አጠገብ ያለው ጥበቃ ራሱን የመሰለ ሰው ፊቱ ቆሞ ያያል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለት ሣራ በአንድ ጊዜ ይታያሉ። በወቅቱ ፊልሙን ከእኛ ጋር ያዩ የፖሊ (የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ) ተማሪዎች ሁለቱም በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው ብለው ደመደሙ። እንደ እውነቱ ጥበቃዎቹ ዶን እና ዳን ስታንተን የተባሉ መንታ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለተኛዋ ሣራም የተዋናይቷ የሊንዳ ሃሚልተን መንታ እኅት ነች። ኮምፒውተር የለበትም። አንዲት እናት የዚያን ጊዜ «ምናለ፣ መንታ ናቸዋ» ብለው የሳቅንባቸውን እዚህ ላይ ይቅርታ መጠየቅ ይገባል።

ፖሊ ከተነሣ አይቀር፣ ድርሻውን መንፈግ አይቻልም። በ1955 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ በ1992 ከመምህራን ኮሌጁ ከፔዳ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ እስኪሆን ድረስ፣ ለከተማዋ ቪዲዮ ቤቶች ምርጥ ተመልካች ያወጣ ተቋም ነበር። ቀላጩ በፈሳሽ ናይትሮጅን ደርቆ ሲሰባበር «ናይትሮጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ነው» ብሎ ከጨለማው ውስጥ የሚያስረዳ ሌላ ቦታ የት ይገኛል? ቀላጩ የተሠራበት ብረት ፊልሙ ውስጥ «ሚሜቲክ ፖሊ አሎይ» መባሉ ሲሰማማ ጊዜ ጭብጨባው አልቆመም። ቃሉ ከግሪክ የመጣ፣ «ብዙ» ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ስማችን በአርኖልድ አንደበት ተጠርቷል።

ቪዲዮ ቤቶቹ

የሁለተኛው ፊልም ካሴት ባሕር ዳር የገባበት ጊዜ አከራካሪ ነው። 1984 የሚሉ አሉ፤ 1985 መጨረሻ ነው የሚሉም አሉ። ዓባይ ማዶ ቀድሞ ታይቷል የሚለው አስተያየት ከዓባይ ማዶ ልጆች በስተቀር ደጋፊ ባይኖረውም፣ ሐሰት ነው ብሎ መደምደም ይከብዳል። ደብተሩ ላይ የሰፈረው የመጀመሪያ ቀን ጥቅምት 1985 ነው።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ወለሉ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ ተርከፍክፎበታል። ፊት ለፊት በእንጨት ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ፣ ከዚያ ወዲህ አግዳሚ በአግዳሚ። በር ላይ የቆመው ጥቁር ሰሌዳ የዕለቱን ፊልሞች በጠመኔ ይዘረዝራል፤ ጠዋት ካራቴ፣ ከሰዓት ህንድ፣ ማታ አክሽን። መግቢያው 50 ሳንቲም ነበር፤ የህንድ ፊልም ርዝመት ስላለው 75። የሁለተኛው ፊልም ንዑስ ርዕስ ሰሌዳው ላይ አንዳንድ ቀን «የፍርድ ቀን»፣ አንዳንድ ቀን «ዕለተ ምጽዓት» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ሁለተኛው ይሻላል፤ የመጣበትን ክብደት ይይዛል።

እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው ከፊት አግዳሚ ላይ በነፃ ይቀመጣል፤ ክፍያው መተርጎም ነው። ተርጓሚው የሁሉንም ድምፅ ብቻውን ይናገራል፤ የማያውቀው ቦታ ላይ ከራሱ ይጨምራል። አርኖልድ ታዋቂዋን «እመለሳለሁ» ባለ ቁጥር የእኛው ተርጓሚ «እመለሳለሁ፣ ጠብቁኝ» ይል ስለነበር፣ ዋናውን ከዓመታት በኋላ ስንሰማ የጎደለው መሰለን። በኋላ በአማርኛ የተተረጎሙ ፊልሞች በሲዲ ገበያውን ሲሞሉት ይህ ሥራ ጠፋ።

መብራት ይጠፋል። ከተማዋ ከጢስ ዓባይ ማመንጫ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ርቃ፣ ቀላጩ ከወለሉ ላይ እየተነሣ ሳለ መብራት ሲጠፋ የሚሰማውን ስሜት ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። የቤቱ ባለቤት በር ላይ ቆሞ የእያንዳንዳችንን እጅ ጀርባ በእስክርቢቶ ይፈርምበታል፤ መብራት ሲመጣ ፊርማ ያለው ይገባል። ከዚያ ጣና ዳር ወርደን እንጠብቃለን። የሚዋኝ ሰው አንድ እጁን ከውኃ በላይ አንሥቶ ነው የሚዋኘው። አንድ ጊዜ የዚህ ዳሰሳ አዘጋጅ ተንሸራትቶ ፊርማው ታጠበ፤ የፊልሙን መጨረሻ ያየው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ያውም ሌላ 50 ሳንቲም ከፍሎ።

የቀኑ ክርክር

በፊልሙ መሠረት ስካይኔት ራሱን የሚያውቀው ኦገስት 29 ቀን 1997፣ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከሌሊቱ 2፡14 ነው። ባሕር ዳር በሁለት ተከፈለች። አንደኛው ወገን ቀኑን ለወጠው፤ ዓርብ ነሐሴ 23 ቀን 1989፣ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3፡14። ሁለተኛው ወገን 1997 ማለት 1997 ነው፣ ገና ስምንት ዓመት አለን አለ። ለማስረዳት የሞከረ ሁሉ «ታዲያ ለምን 1997 አለ?» ተብሎ ይመለሳል፤ ለዚህ መልስ የለም።

በዚያ ዓርብ ጠዋት ስድስት ሆነን ጣና ዳር ተቀመጥን። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ውኃው ጭቃ መስሏል። ሰዓት የነበረው አንዱ ብቻ ነው፤ ክንዱን ዘርግቶ ይዞልን ነበር። 3፡14 ሲሆን ከዘጌ አቅጣጫ ማገዶ የጫነ ታንኳ ቀስ ብሎ እየመጣ ነበር። 3፡15 ሆነ። ታንኳው ደረሰ፣ ባለቤቱ እንጨቱን እናወርድለት እንደሆነ ጠየቀን፤ አወረድንለት።

ሁለተኛው ወገን ድል ያደረገ መሰለው። በ2003 የወጣው ሦስተኛው ፊልም ደግሞ አገዘው፤ የፍርዱ ቀን ዘገየ እንጂ አልቀረም፣ ወደ 2004 ሐምሌ ተዛውሯል አለ። በእኛ ሐምሌ 1996 ነው፤ «አንድ ዓመት ነው የተሳሳቱት» አሉ። ነሐሴ 29 ቀን 1997 ሲደርስ ግን ከተማው የሚያወራው ስለ ምርጫው ነበር። ስካይኔትን ያነሣ አልነበረም።

በኋላ የመጡት

ሦስተኛው ፊልም ካሜሮን ያልመራው የመጀመሪያው ነው፤ ዳይሬክተሩ ጆናታን ሞስቶ ነው። ብዙዎች ይንቁታል፤ ሆኖም መጨረሻው ድፍረት እንዳለው መካድ አይገባም ይሆናል። አርኖልድ በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። አራተኛው በ2009፣ አምስተኛው በ2015 ወጣ። ስድስተኛው በ2019 ሲወጣ ካሜሮን በፕሮዲውሰርነት፣ ሊንዳ ሃሚልተን በተዋናይነት ተመለሱ፤ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ያለውን እንዳልነበረ ቆጥሮ ከሁለተኛው ቀጠለ። በገበያ ወደቀ። እንደዚህ ጸሐፊ ግምት የወደቀው መጀመሪያ ላይ ጆንን ገድሎ ስለ ጀመረ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተለፋበትን ልጅ በአንድ ደቂቃ ማጥፋት አግባብ አይደለም።

እነዚህ ፊልሞች ባሕር ዳር የደረሱት በሲዲ፣ በፍላሽና በእጅ ስልክ ነው። በአግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያያቸው የለም። ቪዲዮ ቤቶቹ አብዛኞቹ ወደ እግር ኳስ ማሳያነት ተቀይረዋል፤ እኛ የምንሄድበት አሁን የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሰሌዳው አለ፤ የኮፒ ዋጋ ተጽፎበታል።

በ2024 «ተርሚኔተር ዜሮ» የተባለ ስምንት ክፍል ያለው የጃፓን ካርቱን ወጣ። ታሪኩ ቶኪዮ ውስጥ፣ በ1997 ነው። የወጣበት ቀን ሆን ተብሎ ኦገስት 29 ሆነ፤ በእኛ ነሐሴ 23 ቀን 2016። ጠዋት 3፡14 ላይ ከስድስታችን ያኔ ባለ ሰዓት የነበረው ደወለ፤ ሦስታችንን አገኘን። የሁለተኛው ወገን ሰው ግን «ነሐሴ 29 ደውሉልኝ» ብሎ ዘጋው።