ጆ ጃክሰን፦ ፊደል ያልቆጠረው የቤዝቦል ኮከብ

ጆ ጃክሰን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ካፈራቻቸው ታላላቅ የቤዝቦል ተጫዋቾች አንዱ ነው። ቤዝቦል የተወረወረን ኳስ በዱላ መትቶ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው። ሕዝቡ የሚያውቀው «ጫማ የለሹ ጆ» እያለ ነው። ከ1908 እስከ 1920 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለፊላደልፊያ፣ ለክሊቭላንድና ለቺካጎ ኋይት ሶክስ ተጫውቷል። ቦታው አውትፊልድ ነበር። ከኋላ በራቀው ሣር ላይ ቆሞ፣ ተመትቶ የሚመጣውን ኳስ ሮጦ ይቀልባል፤ መልሶም ወደ መሃል ይወረውራል።

ያደገው በደቡብ ካሮላይና፣ ግሪንቪል ውስጥ፣ ብራንደን በሚባል የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች መንደር ነው። ገና ስድስት ሰባት ዓመቱ ሳለ ፋብሪካ ገብቶ መሥራት ጀመረ። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አላየም። ዕድሜውን ሙሉ ማንበብና መጻፍ ሳይችል ኖረ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የዚህ ሰው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሜዳ ላይ የሚያቆመው አልነበረም። ወረቀት ሲቀርብለት ግን ሰው ያለውን ከማመን ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

በ13 ዓመቱ ከአዋቂዎቹ ጋር ለፋብሪካው ቡድን ተሰለፈ። ቅጽል ስሙም እዚያው አካባቢ የወጣለት ነው። አንድ ቀን አዲስ ጫማ እግሩን አቆሰለው። አውልቆ በካልሲ ብቻ ገባ። ኳሷን አርቆ መትቶ ሲሮጥ ከተመልካች አንዱ አይቶ ጮኸበት። ስሙም በዚያው ተጣበቀበት፤ ጆ ራሱ ግን አይወደውም ነበር።

ዱላው ስም ነበረው፤ «ብላክ ቤትሲ» ይላታል። ከጠንካራ የሂኮሪ እንጨት የተሠራች፣ የትምባሆ ጭማቂ እየተቀባች የጠቆረች፣ ከኪሎ በላይ የምትመዝን ናት። አመታቱ በጣም ከማማሩ የተነሳ ታላቁ የቤዝቦል መቺ ቤብ ሩት እንኳ «የቀዳሁት ከእሱ ነው» ብሏል።

በ1911 ለክሊቭላንድ የመጀመሪያ ሙሉ የውድድር ዘመኑን ሲጫወት የመታበት አማካይ .408 ነበር። ከ1000 ሙከራ 408ቱ ተሳካ እንደማለት ነው። በቤዝቦል ከአስር ሦስቱ የሚሳካለት ጎበዝ ይባላል! በዚያ ዓመት የበለጠው ሌላው ኮከብ ታይ ኮብ ብቻ ነው፤ በ.420። በ1915 ቺካጎ ሦስት ተጫዋቾችና 31,500 ዶላር ሰጥቶ ወሰደው። በ1917 የአገሪቱን ዋንጫ፣ ወርልድ ሲሪዝን፣ አብሯቸው በላ።

መከራው የመጣው በ1919 ነው። ኋይት ሶክስ በወርልድ ሲሪዙ በሲንሲናቲ ሬድስ በጨዋታ ብዛት 5 ለ 3 ተሸነፈ። በኋላ ስምንት ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ጋር ተስማምተው ሆን ብለው ተሸንፈዋል ተባለ። ጆም አንዱ ነበር። ከቡድን ጓደኛው 5,000 ዶላር ተቀብሏል፤ ይህን አልሸፋፍንለትም። ግን በዚያው ውድድር 12 ጊዜ መትቷል፣ አማካዩ .375 ነበር፣ ከሁለቱም ቡድን ብቸኛውን ሆምራን፣ መቺው ሙሉ ዙሩን ሮጦ የሚጨርስበትን ምት፣ የመታውም እሱ ነው። አንድም ስህተት አልተመዘገበበትም።

መስከረም 1920 ጉዳዩን ለሚመረምረው ጉባኤ ቃሉን ሲሰጥ፣ የሚናገረው ነገር በራሱ ላይ ማስረጃ እንዳይሆን የሚከላከልለትን መብት የሚያስቀር ወረቀት አቀረቡለት። ማንበብ አይችልም። ፈረመ። ፍርድ ቤቱ በነሐሴ 1921 የቀረቡለትን ተጫዋቾች ሁሉ በነጻ አሰናበታቸው። በማግስቱ አዲሱ የቤዝቦል የበላይ ኃላፊ ላንዲስ ስምንቱንም ዕድሜ ልክ አገዳቸው። ጆ በመጨረሻው ዓመቱ አማካዩ .382 ነበር፤ ገና በሙሉ ጉልበቱ ላይ ነው የቆመው።

በ1924 ያልተከፈለው ደመወዝ ይከፈለኝ ብሎ ቡድኑን ሚልዋኪ ከተማ ፍርድ ቤት ከሰሰ። እዚህም ነገሩ ወረቀት ነው። ቡድኑ በአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው የሚችልበት አንቀጽ ከውሉ ወጥቷል ብለው አስፈርመውኛል አለ። አንቀጹ ግን እዚያው ነበር። ከሕዝቡ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪው) ፈረዱለት፤ ዳኛው ግን የአሁኑ ቃልህ ከ1920ው ጋር ይጋጫል ብሎ ውሳኔውን ሻረው።

ከዚያ በኋላ ከሚስቱ ከኬቲ ጋር ሳቫና ውስጥ ልብስ ማጠቢያ፣ ግሪንቪል ተመልሶም መጠጥ መሸጫ ከፈተ። በታኅሣሥ 1951 በልብ ሕመም አረፈ። በተጫወተበት ዘመን ሁሉ አማካዩ .356 ነው። የኖረበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ቤዝቦል እገዳውን ያነሳለት በ2025 ነው፤ ከሞተ 73 ዓመት አልፎት።

ደጋፊዎች ፊርማህን ብለው ሲጽፉለት በስሙ የምትፈርምለት ኬቲ ነበረች። በራሱ እጅ የፈረመው እጅግ ጥቂት ነው። በ1911 የተነሳውና የገዛ ፊርማው ያለበት አንድ ፎቶ በ2021 በጨረታ ወጥቶ 1.47 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።